ከቆሮሶ ሆድ የምንጥለው ነጭ ፊኛ የሳንባ ዘመድ ነው

ዋናው ጽሑፍ

ለሐዋሳ ልጆችና ሐይቁን ለምትወዱ ሁሉ ሰላም። አንድ ነገር ልላችሁ ነው፤ የማይስማማ ካለ በማስረጃ ይሞግተኝ።

ቆሮሶ ሲበለት ከሆድ ዕቃው በላይ፣ ከአከርካሪው ሥር ተለጥፎ የሚገኘውን የሚያብረቀርቅ ነጭ ፊኛ የማያውቅ የለም። የቢላዋ ጫፍ ሲያገኘው ጷ ብሎ ይፈነዳል፤ ሳይፈነዳ ከተረፈም ከአንጀቱ ጋር ተጠርጎ አባ ኮዳ ለሚባሉት ወፎች ይጣላል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ያ የአየር ከረጢትና እኛ ደረት ውስጥ ያለው ሳንባ ከአንድ ጥንታዊ ብልት የመጡ ናቸው። ዛሬ ዓሣው ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም ባለበት ጥልቀት የሚቆይበት ሆኗል፤ ጥንት ግን አየር መተንፈሻ ነበር።

ቆሮሶም አምባዛም ቢልጫም፣ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣው ሰርዲንና ቱናም ባለ ጨረር ክንፍ ከሚባለው አንድ ወገን ናቸው። ክንፉን ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ብታዩት ስስ ቆዳ በቀጫጭን የአጥንት ዘንጎች ላይ ተወጥሮ ታገኙታላችሁ። የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ያለው ገላው ውስጥ ነው፤ ክንፉ ራሱ ሥጋ የለውም። ይህ ወገን ከ30,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አከርካሪ ካላቸው እንስሳት ሁሉ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ሌላኛው ወገን ክንፉ ውስጥ አጥንትና ሥጋ ያለው ነው፤ ሳንባ ዓሣና ሴላካንት የሚባለው የባሕር ዓሣ ከዚያ ናቸው፤ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ወፍ፣ ላምና ሰውም ከዚያው ወገን ወጡ። ሁለቱ ከተለያዩ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከመለያየታቸው በፊት የነበረው የጋራ ቅድመ አያት ግን አየር ይስብ ነበር።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ሐይቅ ዳር ተወልዶ ሐይቅ ዳር የተማረ ልጅ ይህን በእጁ ሳይዘው፣ በዓይኑ ሳያየው ለምን ይመረቃል? ሥዕሉን ከመጽሐፍ ይገለብጣል፤ ዓሣው ግን የአስር ደቂቃ መንገድ ላይ ነው።

(ዘግይቶ የሚገባ ሰው ከመሃል እንዳይጀምር፣ የመጡትን ምላሾች በተራ ቁጥራቸው ከዚህ በታች በራሴ አገላለጽ አጠናቅሬያለሁ።)

1ኛው ምላሽ አጭርና ደግ ነበር። ጸሐፊው ልጅ ሆኖ ፊኛውን ከመሬት እየለቀመ በእግሩ ሲያፈነዳ እንዳደገ፣ ሳንባ ይሆናል ብሎ ግን አንድም ቀን እንዳላሰበ ነገረን።

2ኛው አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ፊሌቶ የሚያወጣ ልጅ ነው፤ በጨዋ ቋንቋ ግን ጠንከር አድርጎ ተቃወመኝ። ስለ ቆሮሶ ያልኩትን ተቀበለ፤ ቢልጫ ላይም ፊኛው መሃሉ ተሸብቦ ሁለት ክፍል ሆኖ እንደሚገኝ ራሱ ጨመረ። አምባዛ ላይ ግን ስንት ዘመን ሲበልት እንዲህ ያለ ፊኛ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሁሉንም ዓሣ በአንድ ከረጢት መክተቴ ትክክል እንዳልሆነ፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ቢላዋ እንደሚታመን ጻፈ። ይህን ምላሽ ወደድኩት፤ በእጁ የሚያውቅ ሰው የሚያነሳው ተቃውሞ ነው።

3ኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዳርዊን ራሱ በ1859 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ነገሩን በተቃራኒው እንዳስቀመጠው፣ ማለትም መጀመሪያ የአየር ከረጢት ኖሮ ሳንባ ከእሱ እንደመጣ መጻፉን አስታውሶ፣ እኔ ቅደም ተከተሉን እንደገለበጥኩት በትሕትና ጠቆመ።

4ኛው ምላሽ የዚህ የውይይት ክር አከርካሪ ሆነ። የጻፉት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርት ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ሁሉም ሰው፣ ፊሌቶ ቆራጩም ጭምር፣ ቲቸር እያለ ነው የጠራቸው። ለተማሪው ሲመልሱ፣ ዳርዊን ሁለቱ ብልቶች ዘመዳሞች መሆናቸውን በትክክል ማየቱን፣ የትኛው እንደቀደመ ግን መሳቱን አስረዱ። ማስረጃቸው ፖሊፕተረስ የሚባለው የአፍሪካ ወንዞች ዓሣ ነው። ፈረንሳዊው ዦፍሯ ሳንቲሌር በናፖሊዮን ዘመን ወደ ግብጽ ከዘመቱት ሊቃውንት አንዱ ነበር፤ ይህን ዓሣ ከአባይ አግኝቶ በ1802 ለሳይንስ አስተዋወቀው። ፖሊፕተረስ ከባለ ጨረር ክንፎቹ ወገን ከሁሉ ቀድሞ የተገነጠለ ሐረግ ነው። ሆዱ ሲከፈት አንድ ፊኛ ከአከርካሪ ሥር አይገኝም፤ ከጉሮሮው በታች በኩል የሚበቅሉ ሁለት ሳንባዎች ናቸው የሚገኙት፤ እኛ ውስጥ እንዳሉት ማለት ነው። ሳንባ በፖሊፕተረስም፣ በሳንባ ዓሣም፣ በእኛም ከተገኘ ሦስቱም ከጋራ ቅድመ አያት ወርሰውታል ማለት ይቀላል። ከዚያ በኋላ በቆሮሶና በመሰሎቹ ሐረግ ላይ ብልቱ ወደ ጀርባ በኩል ዞረ፣ አንድ ሆነ፣ ሥራውንም ቀየረ። ጽንሱ ላይ ዛሬም ፊኛው የሚጀምረው ከምግብ ቧንቧው ላይ እንደ እምቡጥ ወጥቶ ነው።

ለፊሌቶ ቆራጩ የሰጡትን መልስ ደግሞ ለብቻው አነሳዋለሁ፤ እኔ ዋናው ጽሑፍ ላይ ያልነካሁት ነው። አምባዛ የአየር ከረጢት አለው፤ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ ከራስ ቅሉ ጀርባ፣ ከመጀመሪያዎቹ የአከርካሪ አጥንቶች ግራና ቀኝ፣ በስስ የአጥንት ሽፋን ውስጥ ተሸሽጓል። ሆድ የሚከፍት ቢላዋ አይደርስበትም። አምባዛ ጭቃው ላይ ተኝቶ የሚኖር ዓሣ ስለሆነ የሚያንሳፍፈው ትልቅ ፊኛ አያስፈልገውም። የቀረችው ትንሿ ከረጢት የድምፅን ንዝረት ተቀብላ በጥቃቅን አጥንቶች አማካይነት ወደ ውስጠ ጆሮው ታስተላልፋለች። ቢልጫም እነዚህ አጥንቶች አሉት፤ ቆሮሶ ግን የለውም። አምባዛና ቢልጫ በመልክ ባይገናኙም በዚህ አጥንት የቅርብ ዘመድነታቸው ይታወቃል።

5ኛው ምላሽ ሰጪ ጥቁር ውሃ ወንዝ አካባቢ ያደገ ነው፤ ክረምት ላይ አምባዛ ከውሃው ወጥቶ እርጥብ ሣር ላይ ሲሳብ ማየቱን ጻፈ። 6ኛዋ ይህን ይዛ፣ እንግዲያው አምባዛ ሳንባ አለው ማለት አይደለም ወይ ስትል ጠየቀች።

7ኛው እንደገና ቲቸር ናቸው። አይደለም አሉ። አምባዛ ከስንጥቡ (ዓሣ ውሃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ብልት) በላይ ባለ ክፍት ቦታ ቅርንጫፍ ያወጣ፣ ደም የሞላው ቀይ ብልት አለው፤ አፉን ከውሃ በላይ አውጥቶ የጎረሰው አየር እዚያ ገብቶ ነው ኦክስጅኑ ወደ ደም የሚያልፈው። ይህ ከስንጥብ የተሠራ አዲስ ብልት እንጂ የጥንቱ ሳንባ አይደለም። የአምባዛ አባቶች ሳንባቸውን ለሌላ ሥራ ካዋሉ በኋላ አየር ሲያስፈልጋቸው ሌላ መንገድ ፈጠሩ። እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ይህ ነው፤ ከምላሾቹ ሁሉ አንድ ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ 7ኛውን ያንብብ።

ከ8ኛ እስከ 11ኛ ክሩ ወደ ምግብ ሄደ። ጥሬ ዓሣ በዳጣ ይሻላል፣ ለብለብ ይሻላል፣ የኪሎው ዋጋ አልቀመስ አለ፣ ሆቴሎቹ አምባዛን ቆሮሶ ነው ብለው ያቀርባሉ የሚል ሙግት ነበር። 12ኛው የእንስሳት ሐኪም ጥሬ የሚበሉትን አስጠነቀቀ፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣ ውስጥ ዓሣ በሊታ ወፎች ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚያድግ የክብ ትል ጮርቃ እንደሚገኝ፣ በደንብ ማብሰል ግን እንደሚገድለው ጻፈ። ሁለት ሰዎች ተናደው መለሱለት፤ የጻፉትን መድገም አያስፈልግም።

13ኛው ምላሽ ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ፈጣሪ እያንዳንዱን እንደየወገኑ እንደፈጠረ፣ የሰውን ሳንባ ከዓሣ ፊኛ ጋር ማዛመድ ሰውን ማዋረድ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለልጆች እንዳይነገር አሳሰበ። 14ኛው ተነስቶ የሰውየውን ትምህርትና ቤተሰብ ሳይቀር ሰደበ። በእምነቱ የተነሳን ሰው በስድብ ማሸማቀቅ ሳይንስን አያስረዳም፤ ሐሳቡ ከስሕተት በላይ ነውር ነበረበት፤ ተሰርዟል፤ መሰረዙም ተገቢ ነው። 15ኛው አንድ አባት ናቸው፤ ሁለቱንም ልጆቼ ብለው ገሠጹ። የራሳቸው እምነት ከ13ኛው ጋር አንድ መሆኑን ሳይደብቁ፣ ዓሣ ሆድ ውስጥ ያለውን አይቶ መጠየቅ ግን ኃጢአት እንዳልሆነ፣ የማይፈልግ ሰው ማንበቡን መተው እንደሚችል ጻፉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ለጥቂት ጊዜ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ወደሚለው ዞሮ ነበር፤ መቋጫ አልተገኘለትም፤ አልፈዋለሁ።

16ኛው፣ ያ 3ኛውን የጻፈው ተማሪ ተመልሶ ነው። ቲቸርን አመስግኖ ሌላ በር ከፈተ። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ ባለ ጨረር ክንፎች ቅድመ አያት፣ ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀደም ብሎ፣ ሙሉ የዘረመል ስብስቡ አንድ ጊዜ በእጥፍ ተባዝቶ ነበር። ከተባዙት ቅጂዎች ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ የተረፉት ግን አዲስ ሥራ ይዘዋል። ቢልጫ ደግሞ ከዚያ በኋላም ጨመረ። ሰው 46፣ ቆሮሶ 44 ክሮሞሶም (የዘረመል ጥቅል) ሲኖራቸው ቢልጫ 150 ያህል አለው፤ ስድስት ስብስብ ነው የያዘው። በጣና ከዚሁ ከቢልጫ ወገን 15 ያህል ዝርያዎች ሐይቁ ውስጥ ተገኝተዋል፤ ሌላ ዓሣ ከታች ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ያግዳል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሌላ ዓሣ እያደኑ ይበላሉ፤ መንጋጋቸው ላይ ግን ጥርስ የላቸውም፤ የሚያኝኩት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው።

17ኛው ከአዳማ ገባ። ቆቃ ግድብ 1960 ላይ ሥራ ጀምሮ የፈጠረው ሐይቅ ውስጥ ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር ከውጭ የመጣ ካርፕ እንደሚጠመድ፣ እሱም የቢልጫ ዘመድ መሆኑን ሰምቶ እንደሆነ ጠየቀ። ተማሪው አዎ አለው።

18ኛው የተማሪውን ቁጥር አላመነም፤ ቃላቱም ሻካራ ነበሩ። 150 ክሮሞሶም የሚባል ነገር ከኢንተርኔት የተለቀመ ወሬ እንደሆነ፣ ክሮሞሶም ሲበዛ እንስሳ እንደሚበልጥ ለማስመሰል የታሰበ እንደሆነ ጻፈ። ተማሪው 19ኛው ላይ ሳይቆጣ መለሰ፤ የክሮሞሶም ብዛት የብልጫ መለኪያ እንዳልሆነ፣ ድንች እንኳ ከሰው የበለጠ 48 እንዳለው አስረዳ። 18ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

20ኛዋ የዓሣ ሾርባ ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች እናት ናት፤ ስለ ጉሮሮ ጥርስ ሲነሳ የምታውቀውን አመጣች። የቆሮሶ ራስ ተቀቅሎ ሲፈራርስ ከጉሮሮው እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክሩ ትንንሽ አጥንቶች ይወጣሉ፤ ሰው አፍ ውስጥ እንዳይገቡ አንድ በአንድ ትለቅማቸዋለች። ቲቸር 21ኛው ላይ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ያ የቆሮሶ ሁለተኛ መንጋጋ ነው። የፊተኛው መንጋጋ ይለቅማል፣ የኋለኛው ይፈጫል፤ ሥራው ስለተከፈለ የፊተኛው እንደ ምግቡ ዓይነት ቶሎ ቶሎ ለመለወጥ ነፃ ሆኗል። በቪክቶሪያ ሐይቅ የቆሮሶ ዘመዶች በ15,000 ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ ዝርያዎች ለመሆን የበቁበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታመናል። የእኛ ቆሮሶ ራሱ በአብዛኛው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ጥቃቅን አልጌ ነው የሚበላው፤ የጨጓራው አሲድ እጅግ ብርቱ ስለሆነ ብዙ ዓሣ የማይፈጨውን የአልጌ ግድግዳ ይሰብረዋል።

22ኛው ቆሮሶዋ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ እንደምትፈለፍል፣ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ እንደሚገቡ አስታወሰ፤ ስለዚህ በመረብ አንዲት እናት ስትወጣ ከነልጆቿ ነው አለ። ከዚህ ጠብ ተነሳ። 23ኛው ጠባብ ዓይን ያለው መረብ የሚጥሉትን ከሰሰ፤ 24ኛው አስጋሪ ነው፤ ጀልባ ላይ አድሮ የማያውቅ ሰው አስጋሪን እንዳይወቅስ፣ ሐይቁ ውስጥ ፍሳሽ የሚለቁት ቀድመው እንዲጠየቁ መለሰ። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን አንዱ ሌላውን አልሰማውም።

25ኛው የጋምቤላ ሰው ነው፤ ሐዋሳ ለሥራ መጥቶ ቀርቷል። 4ኛውን አንብቦ ፖሊፕተረስ የሚባለውን ከባሮ እንደሚያውቀው ነገረን። ረጅም ገላ፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ የሚያብለጨልጭ ቅርፊት፣ ጀርባው ላይ ተራ በተራ የቆሙ ብዙ ትንንሽ ክንፎች፤ ከውሃ ሲወጣ ቶሎ አይሞትም። ከዚህ ተነስቶ ተማሪው 26ኛው ላይ በ2014 የታተመ ሙከራ አመጣ። ተመራማሪዎች ፖሊፕተረስን ለስምንት ወር ያህል ከውሃ ውጭ፣ እርጥበት ባለው ቦታ አሳደጉ። መሬት ላይ ያደጉት ክንፋቸውን ወደ ገላቸው አስጠግተው፣ ራሳቸውን ከፍ አድርገው፣ ብዙም ሳይንሸራተቱ መራመድ ጀመሩ፤ የትከሻቸው አጥንት ቅርጽም ተለወጠ። ቲቸር በዚሁ ላይ፣ የዚህን ዓሣ ጽንስ ፍለጋ አፍሪካን አራት ጊዜ የተመላለሰውን እንግሊዛዊ ጆን በጀትን አነሱ። በ1903 አገኘው፤ በማግሥቱ ዓመት ከአፍሪካ ይዞት በተመለሰው በሽታ በ31 ዓመቱ ሞተ። የፖሊፕተረስ ጫጩት ልክ እንደ እንቁራሪት ልጅ ከራሱ ውጭ የተንጠለጠለ ስንጥብ እንዳለው ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው እሱ በሰበሰባቸው ናሙናዎች ነው።

27ኛው ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል የሚል ነበር፤ ሰው ሥራ አጥቶ ስለ ዓሣ ፊኛ ይከራከራል የሚል ንቀት አለበት። ይህን እኔ ራሴ መለስኩ፤ 28ኛው የእኔ ነው። አምባዛ በምን እንደሚሰማ፣ ቆሮሶ በስንት ወሯ እንቁላል እንደምትጥልና ምን እንደምትበላ የሚያውቅ ልጅ ነው ነገ ሐይቁን የሚያስተዳድረው፤ እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ ከሥዕል ብቻ አይወጣም። ትምህርት ቤቶቹ ከዓሣ ማህበሩ ጋር ተስማምተው የሚጣለውን ሆድ ዕቃና ራስ ለክፍል ቢወስዱ ወጪው የትራንስፖርት ብቻ ነው። ይህን በቁም ነገር ነው የምለው፤ አንድ ሁለት መምህራን በውስጥ መስመር ጽፈውልኛል።

29ኛው፣ የመጀመሪያውን ተቃውሞ ያነሳው ፊሌቶ ቆራጭ ነው። ለብዙ ቀን ዝም ብሎ ነበር። ለቲቸር ብሎ አንድ ትልቅ የአምባዛ ራስ ከነአንገቱ አስቀርቶ በትንሿ ቢላዋ ከኋላ በኩል ቀስ እያለ ከፈተው። ከራስ ቅሉ ጀርባ በሁለቱም ጎን፣ ከአከርካሪው ጋር የተያያዘ፣ በጥፍር ሲነኩት የሚሰበር ስስ የአጥንት ሽፋን አገኘ። ሽፋኑን ሲያነሳው ጣት ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ነጭ ከረጢት ወጣች፤ በሌላው ጎን ጓደኛዋ። ቆሮሶ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዓይነት ቆዳ እንደሆነች በመዳሰስ ለየ። ፎቶውንም አያይዟል፤ ትንሽ ደብዝዟል፣ ግን ይታያል።

30ኛው ቲቸር ናቸው፤ መርቀውታል። ጥቃቅኖቹን የመስሚያ አጥንቶች ለማየት ግን ጥሬው ራስ እንደማይመች፣ ተቀቅሎ ሥጋው ሲላቀቅ በቀላሉ እንደሚገኙ ነገሩት። 31ኛዋ ሾርባ ሻጯ እናት የአምባዛ ራስ ከገዛላት በነፃ ትቀቅልለታለች፤ አጥንቱን እሱ ይወስዳል፣ መረቁ የእሷ ነው።